ፊልም ቤታችሁ ለምታጥቡ፦ ስለ ቧንቧ ውሃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቱ ፊልም ማጠብ የጀመረ ሰው ኔጋቲቩ ላይ ነጭ ነጥብ ባየ ቁጥር ውሃውን ይከሳል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የውሃው ኖራ ሳይሆን የውሃው ቆሻሻ ነው፣ ወይም መጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ በብዛት የተጨመረው ሳሙና ነው። ሌላው ደግሞ ይህን ሁሉ ፈርቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጠራቀመ፣ ማዕድን የሌለው ውሃ) ሲያፈስ ይውላል። ሁለቱም አያስፈልግም። ኖራ የሚያስቸግረው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እነሱን ካወቃችሁ በቂ ነው።

ኖራ የበዛበት ውሃ ሲባል ምን ማለት ነው?

ካልሲየምና ማግኒዚየም በብዛት የሟሟበት ውሃ ማለት ነው። ዝናብ ሲወርድ ከእነዚህ ምንም የለውም ማለት ይቻላል። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ሲያልፍ ግን ድንጋዩን እያሟሟ ይዞት ይሄዳል። መጠኑ የሚነገረው በአንድ ሊትር ስንት ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት አለ ተብሎ ነው። በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ አከፋፈል እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በጣም ጠንካራ ይባላል። ጀርመን ያላችሁ በራሳቸው ዲግሪ ስለሚነገራችሁ፣ 1 የጀርመን ዲግሪ ወደ 18 ሚሊግራም ገደማ እንደሆነ ያዙ።

መለኪያ ባይኖራችሁም ቤታችሁ ይናገራል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ሳሙና አላረፋ ካለ፣ የሻወሩ ቀዳዳ እየተደፈነ ካስቸገረ ውሃችሁ ኖራ አለው።

የእኔ ከተማ ውሃ እንዴት ነው?

አዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ውሃ አላት ብንል ነገሩ ይቀላል። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የተጠራቀመ የዝናብና የወንዝ ውሃ ስለሆነ ለስላሳ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው የከርሰ ምድር ውሃ ግን ማዕድኑ ይበዛል። ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ፊልም በአንድ ዓይነት ኬሚካል አጥበው፣ አንደኛው ላይ ነጥብ ወጥቶ ሌላኛው ላይ ባይወጣ አይገርምም።

ድሬዳዋ ላይ ክርክር የለም። ውሃው ቧንቧ እስከመድፈን የሚደርስ ኖራ አለው። መቀሌም የተቀመጠችው የኖራ ድንጋይ ላይ ነው፤ እዚያ አካባቢ ጂፕሰም ስላለም ጉዳዩ ትንሽ ይወሳሰባል፣ ማፍላት የሚለው ጥያቄ ላይ እመለስበታለሁ። ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ብዙ ጉድጓዶች ላይ ካልሲየሙ ትንሽ ሆኖ ሶዲየም ባይካርቦኔቱና ፍሎራይዱ ነው የሚበዛው። ሳሙና ጥሩ አድርጎ ያረፋል፣ ፊልም ላይ ሲደርቅ ግን ያው ጨው ጥሎ ይሄዳል።

ውጭ ያላችሁ፦ ለንደን በጣም ጠንካራ ነው፣ ሻይ የሚጠጣ ሁሉ ያውቀዋል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምትጠጣው የፖቶማክን ወንዝ ነው፣ እሱ መካከለኛ ነው። እስራኤል የአሽከሎን ማጣሪያ በ2005 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ የባህር ውሃ አጣርታ ትጠቀማለች፣ የገልፍ አገሮችም እንደዚሁ። ግን እንዳትሸወዱ፦ ከባህር የተጣራ ነው ማለት ዲስቲልድ ነው ማለት አይደለም። ቧንቧውን እንዳይበላው ብለው ካልሲየም መልሰው ይጨምሩበታል።

እሺ፣ የሚጎዳው የቱ ላይ ነው?

አንደኛው የመጨረሻው ማለቅለቂያ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ውሃው ይተንናል፣ ውስጡ ያለው ማዕድን ግን የትም አይሄድም። ሁለተኛው ራሳችሁ ከዱቄት እየመዘናችሁ የምትቀምሙት ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ነው። ስቶፕ ባዝ (ዴቨሎፐሩን የሚያቆመው)፣ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው)፣ መሃል ላይ ያለው ረጅሙ ማለቅለቅ፣ እነዚህ ሁሉ በቧንቧ ውሃ ቢሠሩ ምንም አይሆኑም።

አንድ 35 ሚሊሜትር ፊልም በፓተርሰን ታንክ (ፊልሙ የሚታጠብበት የተዘጋ ዕቃ) የሚፈልገው 290 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ለአንድ ፊልም የሚያስፈልጋችሁ ዲስቲልድ ውሃ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ነው። አለቀ።

ፊልሙ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ወጣበት፤ ይለቃል?

መጀመሪያ የትኛው ጎን ላይ እንዳለ እዩ። ፊልሙን ብርሃን ላይ ጋደም አድርጋችሁ ያዙት። የሚያብረቀርቀው ጀርባው ላይ ከሆነ ቀላል ነው፤ እፍ ብላችሁ እርጥበት ሰጥታችሁ ክር በማይተው ለስላሳ ጨርቅ ማበስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ደብዘዝ ያለው ጎን፣ ማለትም ኢሙልሽኑ (ምስሉን የያዘው የጄላቲን ሽፋን) ላይ ከሆነ አትሹት። ይቧጨራል። ኖራ አሲድ አይወድም፣ ስለዚህ አቼቶ መላ ነው፤ ነጩን አቼቶ ማለቴ ነው፣ ቀለም ያለውን አይደለም። 5 ከመቶ የሆነውን አቼቶ አንድ እጅ፣ ውሃ ሦስት እጅ አድርጉና ፊልሙን መጀመሪያ በንጹህ ውሃ አርሳችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል ንከሩት። ከዚያ በደንብ አለቅልቁት፣ በዲስቲልድ ውሃ ጨርሱና እንደገና ስቀሉት። ነጥቡ ኖራ ከነበረ ይጠፋል።

ካልጠፋ ኖራ አልነበረም። ኢሙልሽኑ ላይ የተንጠለጠለ የውሃ ጠብታ ዙሪያው ቀድሞ ሲደርቅ ጄላቲኑን ይጎትተዋል፤ ያ ቦታ ክብ ምልክት ይዞ ይቀራል። ይህ ምልክት በአቼቶም በምንም አይለቅም፣ ዲስቲልድ ውሃ ተጠቅማችሁም ሊወጣ ይችላል። መከላከያው ፊልሙ ላይ ጠብታ እንዳይቆም ማድረግ ብቻ ነው።

ፎቶ ፍሎ ምን ያህል ላድርግ?

ከሚመስላችሁ ያነሰ። ፎቶ ፍሎ 200፣ ጠብታ እንዳይቆም መጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ የሚጨመረው ሳሙና፣ በአንድ ሊትር 5 ሚሊ ሊትር ነው የሚባለው፣ ተመሳሳዩ የኢልፎርድ ምርት ኢልፎቶልም በዚያው መጠን ነው። ለ300 ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ተኩል መሆኑ ነው፤ በመርፌ ሲሪንጅ ለኩት እንጂ ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍሱ። ሲበዛ ፊልሙ ላይ ቅባት የመሰለ መስመር ይተዋል፣ ብርሃን ላይ ሲታይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው። ሰው ይህን አይቶ "ውሃዬ መጥፎ ነው" ይልና በሚቀጥለው ጊዜ ሳሙናውን ይጨምራል። ይብሳል። ኖራ ክብና ጠመኔ የመሰለ ነው፤ ሳሙና ረጅምና ቅባታም ነው። በዚህ ለዩዋቸው።

ሌላ ነገር፦ ፊልሙን ከሪሉ (ታንኩ ውስጥ ከሚጠቀለልበት) አውጥታችሁ በሌላ ዕቃ ውስጥ ንከሩት። ፕላስቲክ ሪል ሳሙናውን ይይዝና ሌላ ቀን ፊልም ስትጠቀልሉ እየተጣበቀ ያስመርራችኋል።

የዕቃ ማጠቢያ ላርጎስ? ቀለም፣ ሽቶና ሌላም ነገር አለበት። ከጨነቃችሁ በአንድ ሊትር አንድ ጠብታ። ልማድ አታድርጉት።

ዲስቲልድ ውሃ ከየት ላምጣ?

አሜሪካና አውሮፓ ሱፐርማርኬት ውስጥ አለ። እዚህ አገር ቤት ግን ነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ ሱቅ ሂዱና "የባትሪ ውሃ" በሉ። ያው ነው። ግን ተጠንቀቁ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድ ሊኖር ይችላል፤ አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ፊልሙንም እጃችሁንም ይጨርሰዋል። ጽሑፉን ሳታነቡ፣ ሻጩንም ሳትጠይቁ አትግዙ። ማሸጊያው የተከፈተም አትግዙ።

የታሸገ የመጠጥ ውሃ እንደየዓይነቱ ነው። መለያው ላይ በውሃው ውስጥ የሟሟው ጠቅላላ ማዕድን ስንት እንደሆነ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። ከ50 ሚሊግራም በታች ከሆነ እኔ ሳልጨነቅ እጠቀመዋለሁ። አምቦ ውሃ ግን ማዕድኑ ነው ስሙን ያስጠራው፣ ለጥብስ ማወራረጃ አቆዩት።

ክረምት ላይ ደግሞ የዝናብ ውሃ አለ። በነጻ። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ ያጥብ፣ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን በንጹህ ዕቃ ያዙ፣ አሳድሩት፣ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጥሉት። ኖራ የሌለበት ጥሩ ውሃ ይወጣችኋል። ዝገት የወረሰው ጣራ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ውሃውን ባፈላውስ?

እንደ ኖራው ዓይነት ነው። ካልሲየሙ በባይካርቦኔት መልክ ከሆነ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ካርቦኔቱ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ማንቆርቆሪያው ላይ የምታዩት ቅርፊት እሱ ነው። ካልሲየሙ ከጂፕሰም የመጣ፣ ማለትም ሰልፌት ከሆነ ግን ብታፈሉት ብታፈሉት እዚያው ነው፣ እንዲያውም ውሃው ስለሚቀንስ ይበረታል። መቀሌ ላይ ይወሳሰባል ያልኩት ለዚህ ነው።

ዘዴው፦ አሥር ደቂቃ ያህል አፍሉት፣ ከድናችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ሳትነቀንቁት የላይኛውን ብቻ ቀድታችሁ በማጣሪያ ወረቀት አሳልፉት። የታችኛውን ድፉት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ገና መንተክተክ እንደጀመረ አታውርዱት። ለዴቨሎፐር መቀመሚያ የፈላ ውሃ ጥሩ ነው፣ ውስጡ የነበረው ኦክሲጅንም ስለሚወጣ ኬሚካሉ ይቆያል። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ግን ከዲስቲልድ አይበልጥም።

ቤታችን ውሃ ማለስለሻ መሣሪያ አለ፤ ችግሩ ተፈታ?

ለማንቆርቆሪያው ተፈታ። ለፊልሙ አይደለም። ጨው የሚሞላበት ማለስለሻ ካልሲየሙን ወስዶ በቦታው ሶዲየም ነው የሚሰጣችሁ። ጠቅላላ የማዕድኑ መጠን ብዙም አይለወጥም፣ ሲደርቅም ምልክት ይተዋል፤ የዚህኛው ምልክት በውሃ በቀላሉ መልቀቁ ብቻ ነው የሚሻለው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውሃውን በስስ ሽፋን አሳልፎ ማዕድኑን የሚያስቀር) ካላችሁ ግን ያ በቂ ነው፣ የባትሪ ውሃ ፍለጋ አትልፉ።

ዴቨሎፐሬን በቧንቧ ውሃ መበጥበጥ እችላለሁ?

ፋብሪካ ያሸገው ከሆነ፣ አዎ። የፊልምና የኬሚካል አምራቾቹ ኮዳክም ኢልፎርድም ደንበኞቻቸው በዓለም ዙሪያ የቧንቧ ውሃ እንደሚጠቀሙ ያውቃሉ፤ ካልሲየሙን ይዞ የሚያስቀምጥ ኬሚካል ቀድመው ጨምረውበታል። ዲ 76 የሚባለው የኮዳክ ዴቨሎፐር ከፓኬት ከሆነ ድሬዳዋም ላይ ይሠራል።

ያው ዲ 76ን ራሳችሁ ስትቀምሙት ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀመሩ በሊትር ሜቶል 2 ግራም፣ ሶዲየም ሰልፋይት 100 ግራም፣ ሃይድሮኪኖን 5 ግራም፣ ቦራክስ 2 ግራም ነው። ሌላው ዴቨሎፐር ዲ 23ም ሜቶል 7.5 ግራምና ሰልፋይት 100 ግራም ብቻ። ያን ያህል ሰልፋይት ኖራ የበዛበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ካልሲየም ሰልፋይት ይሠራል፤ ወዲያው ወይም ከቀናት በኋላ ጠርሙሱ ግርጌ ላይ ነጭ ዝቃጭ ታያላችሁ። ዴቨሎፐሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ቅንጣቶቹ ግን ፊልሙ ላይ ያርፋሉ። አጣርታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ከዚያ የሚሻለው በዲስቲልድ መቀመም ነው፣ ወይም ሌላው ኬሚካል ከመግባቱ በፊት በሊትር 1 ወይም 2 ግራም ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት (ካልሲየሙን ይዞ የሚያስቀምጥ ኬሚካል) ማሟሟት።

ሮዲናል የሚባለው ፈሳሽ ዴቨሎፐር በ1 ለ50 ከሆነ ከ500 ሚሊ ሊትሩ 490ው የእናንተ ውሃ ነው። ትንሽ ቢደፈርስም ተጠቅማችሁ የምትደፉት ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ዋናው ነገር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ውሃ መሥራት ነው። ዛሬ በግድቡ ውሃ፣ ነገ በጉድጓዱ ውሃ እየሠራችሁ የደቂቃ ሠንጠረዥ ብታወጡ ሠንጠረዡ ለምንም አይሆንም።

ኤክስ ቶል የሚባለው ዴቨሎፐር ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ እሱም በኖራ ምክንያት አይደለም። ኤክስ ቶል የሚሠራው በቫይታሚን ሲ ዘመድ ነው፣ ውሃው ውስጥ ያለ ብረትና መዳብ ደግሞ ያን ቶሎ ያቃጥለዋል። የዛገ ቧንቧ ካላችሁ ዋናውን ብጥብጥ በዲስቲልድ ሥሩት። ክፋቱ ሲሞት አይነግራችሁም፤ ዲ 76 እያረጀ ሲሄድ ይጠቁራል፣ ኤክስ ቶል ግን እንደጠራ ሞቶ ይጠብቃችኋል። ሁልጊዜ ከማጠባችሁ በፊት ከፊልሙ ጫፍ የተቆረጠች ቁራጭ ብርሃን ላይ ጣል አድርጉበት። በጥቂት ደቂቃ ካልጠቆረች ፊልማችሁን አትስጡት።

ካፌኖልስ? ቡና ያለው አገር ነው ያለነው።

ይሠራል። ነገሩን፣ ማለትም በቡና የሚቀመመውን ዴቨሎፐር፣ የጀመሩት በ1995 እ.ኤ.አ. ሮቸስተር ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ውስጥ ነበር። የታወቀው አንዱ ቀመር በሊትር 54 ግራም ውሃ አልባ ማጠቢያ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም ፈጣን ቡና ነው። የኖራው ችግር የሚመጣው ሶዳው ሲገባ ነው። ማጠቢያ ሶዳ ሶዲየም ካርቦኔት ስለሆነ ካልሲየም ያለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ወተት ይመስላል። ቡናው ሲጨመር ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም፣ ፊልሙ ላይ ግን ነጭ ብናኝ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ሶዳውን ብቻ አሟሙት፣ ግማሽ ሰዓት ይዝቀጥ፣ የጠራውን ቅዱ፣ ከዚያ ሌላውን ጨምሩ። ፊልሙ ላይ የቀረውን ትንሽ ብናኝ አሲዳማ ፊክሰር ይወስደዋል።

ስለ ቡናው ደግሞ፦ የእኛ ቡና አረቢካ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ርካሹ የሮቡስታ ፈጣን ቡና ይበልጣል፤ ፊልሙን የሚያሠራው አሲድ በሮቡስታ ውስጥ ነው የሚበዛው። በጀበና የፈላው፣ አቦሉም ቢሆን፣ ውፍረቱ በየቀኑ ስለሚለያይ ዛሬ ያገኛችሁትን ውጤት ነገ አትደግሙትም። ጥሩውን ቡና ጠጡት። የዳቦ ሶዳ ደግሞ ማጠቢያ ሶዳ አይደለም፣ እንዳለ ብትጨምሩት ፊልሙ ባዶ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ኖራ ባለበት ውሃ ማለቅለቅ ፊክሰሩን አያስቀርብኝም?

በተቃራኒው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከብ ላይ የመጠጥ ውሃ ስለሚቆጠብ ፎቶ በባህር ውሃ ይለቀለቅ ነበር፣ እና ፊክሰሩ በባህር ውሃ ፈጥኖ እንደሚወጣ ያን ጊዜ ታወቀ። መጨረሻ ላይ ጨውን ለማስለቀቅ ትንሽ ንጹህ ውሃ ብቻ ነበር የሚፈለገው። በጣም ለስላሳ ውሃ ደግሞ ጄላቲኑን ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ጄላቲን በቀላሉ ይቧጨራል። ስለዚህ እዚህ ደረጃ ላይ ትንሽ ማዕድን መኖሩ ጥሩ ነው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ የኢልፎርድን ዘዴ ተጠቀሙ። ታንኩን ሙሉት፣ 5 ጊዜ ገልብጡት፣ ድፉት። እንደገና ሞልታችሁ 10 ጊዜ፣ ከዚያ 20 ጊዜ። በሦስት ሙሌት ያልቃል፤ ለአንድ ፊልም አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ጄላቲኑን የሚያጠነክር ፊክሰር ከተጠቀማችሁ ግን ይህ አይበቃም።

የምጠቀመው የሮቶ ውሃ ነው። ችግር አለው?

ኖራውን እርሱትና አሸዋውን አስቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ውሃ ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ ቧንቧው የያዘውን ዝገትና ጭቃ ሁሉ ይዞ ይመጣል፣ ሮቶው ግርጌ ይዘቅጣል፣ ታንከር ያመጣው ውሃ ሲጨመርበት ይበጠበጣል። እርጥብ ኢሙልሽን ለስላሳ ነው፤ ያረፈችበት ቅንጣት እዚያው ተጣብቃ ትደርቃለች፣ ስካን ሲደረግ ሰማዩ ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ትታያለች። ይህን አቼቶ አያነሳውም። ውሃ በመጣበት ቀን ፊልም አትጠቡ። በጀሪካን ቀድታችሁ አሳድሩት፣ ከላይ ቅዱ፣ ፊልሙን የሚነካ ማንኛውንም ውሃ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ወይም በደረበ ንጹህ ጨርቅ አሳልፉት። ዲስቲልድ ውሃ ከመግዛት በፊት መግዛት ያለባችሁ ይህን ማጣሪያ ነው።

ክሎሪን ሸተተኝ ለምትሉ፦ ቧንቧ ውስጥ ያለው መጠን ፊልም ላይ ምንም አያደርግም።

ርካሽ የውሃ መለኪያ ብዕር ገዛሁ። 300 አለኝ።

እሱ የሚለካው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጠቅላላ ነገር ነው፣ ኖራውን ለይቶ አያውቅም። የስምጥ ሸለቆ ውሃ 300 ሊል ይችላል፣ ካልሲየም ግን ላይኖረው ይችላል። ኖራውን ለይቶ ማወቅ የፈለገ የዓሣ ገንዳ ላላቸው ሰዎች የሚሸጠውን በጠብታ የሚሠራ መመርመሪያ ይግዛ። ብዕሩ የሚጠቅመው የገዛችሁት የባትሪ ውሃ እውነተኛ መሆኑን ለማየት ነው፤ ዜሮ ወይም እዚያው አካባቢ ማሳየት አለበት። ብዙ ካሳየ አንድ ሰው ቧንቧ ቀድቶ ሸጦላችኋል፣ ወይም አሲድ ነው።

የቀለም ፊልምስ?

ሲ 41 ኪት (የቀለም ኔጋቲቭ ማጠቢያ ኬሚካሎች ጥቅል) ውስጥ ያለው ዴቨሎፐር ለኖራው ተዘጋጅቶበታል፣ በቧንቧ ውሃ በጥብጡት። እዚያ የሚያስጨንቃችሁ ውሃው ሳይሆን ሙቀቱ ነው፤ 38 ዲግሪ፣ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። የመጨረሻውን መንከሪያ፣ ስታቢላይዘሩን፣ ግን በዲስቲልድ ብቻ ሥሩት፣ ከእሱ በኋላ ፊልሙ ሳይለቀለቅ በቀጥታ ነው የሚሰቀለው።